ቭላድሚር ወይስ ቮሎዲሚር?

ጥያቄ፦ የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር፣ የዩክሬኑ ደግሞ ቮሎዲሚር ይባላሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንድ ስም ነው፤ ሁለቱንም ቭላድሚር ብለህ ጻፍ» አለኝ። እውነቱን ነው? ትርጉሙስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ግማሹን አግኝተውታል። ስሙ አንድ ነው። «ሁለቱንም ቭላድሚር በል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

ሌኒንግራድን ያስታውሱ። «ግራድ» ከተማ ማለት ነው። ኖቭጎሮድ የሚባል ከተማም አለ፤ «ጎሮድ»ም ያው ከተማ ነው። የመጀመሪያው ከደቡብ ስላቮች (ከእነ ቡልጋሪያውያን) በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ በኩል የገባ ነው፤ ሁለተኛው የምሥራቅ ስላቮቹ፣ የእነ ሩሲያና ዩክሬን፣ የራሳቸው አፍ። «ቭላድ» እና «ቮሎድ»ም እንደዚሁ ናቸው። ሩሲያኛ ለመዝገብ ስሙ የቤተ ክርስቲያኑን መልክ ያዘ፤ ዩክሬንኛ የቤቱን። ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን ሲኖሩ ላየ ሰው ይህ ብርቅ አይሆንበትም። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሩሲያዊት እናት ቭላድሚር ብላ ያስመዘገበችውን ልጅ ስታቆላምጠው «ቮሎድያ» ትለዋለች። የድሮው «ቮሎ» ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል ማለት ነው።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ፣ የፊተኛው ክፍል ሥልጣን፣ ገዢነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኋለኛው ነው። «ሚር» በዛሬው ሩሲያኛ ሰላምም ዓለምም ስለሆነ «የዓለም ገዢ» ብለው ይፈቱታል። ጥንት ግን «ሜር» ነበር፤ ታላቅ፣ ዝነኛ እንደማለት። «በሥልጣኑ ገናና» ብንለው ይቀርባል። በ988 እ.ኤ.አ. ተጠምቆ ሕዝቡን ያስጠመቀው የኪየቭ መስፍንም በዚሁ ስም ይጠራል። ሩሲያውያን ቅዱስ ቭላድሚር፣ ዩክሬናውያን ቅዱስ ቮሎዲሚር ይሉታል።

ታዲያ ስንጽፍ? የሰው ስም ባለቤቱ እንደሚጠራበት ነው። ዮሐንስና ጆንም አንድ ስም ናቸው፤ ጆን ኬኔዲን ዮሐንስ ኬኔዲ ያለ ግን አልሰማሁም።

ስለ ፊደሉም አንድ ነገር ልበል። ሩሲያውያን ጠበቅ አድርገው የሚጠሩት «ዲ»ን ስለሆነ «ቭላዲሚር» ይሻል ነበር። ግን «ቭላድሚር» ሥር ሰድዷል፤ ስህተት ነው ብዬ አልሟገትም። «ብላድሚር»ስ? በአፍ ችግር የለውም፤ ቪዛንም ቢዛ የሚል ሞልቷል። በጽሑፍ ግን «ቭ» የሚባል ፊደል እያለን ለምን?