የሳኦ ቶሜ ካካዎ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ባለችው ደሴታማ አገር በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ካካዎ (የቸኮሌት ጥሬ ዕቃ) ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የማትሞላ ደሴት ከጋናና ከኮትዲቯር ጋር እንዴት ትወዳደራለች?

በብዛት አትወዳደርም፤ ብትሞክርም ትከስራለች። በ1913 አካባቢ ከዓለም ግንባር ቀደም አምራቾች አንዷ ነበረች። ያ ምርት ግን የግዳጅ ጉልበት ውጤት ነበር፤ ካድበሪን ጨምሮ የእንግሊዝ ቸኮሌት ሠሪዎች በ1909 መግዛት ያቆሙትም ለዚህ ነው። ከ1975ቱ ነፃነት በኋላ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ተወረሱ፣ ምርቱም ወደቀ። በ1990ዎቹ መሬቱ ለአነስተኛ ገበሬዎች ተከፋፈለ። ዛሬ የሚያዋጣው የኦርጋኒክና የጥራት ገበያ ነው። ሴካብ የተባለው የኦርጋኒክ ካካዎ ኅብረት ሥራ የተመሠረተውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለምን እርጥቡን የካካዎ ዘር ይገዛል? ገበሬው አድርቆ ቢሸጥ አይሻለውም?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ በአንድ ለቀማ 30 ወይም 40 ኪሎ እርጥብ ዘር ቢያገኝ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ክምር ደግሞ በቂ ሙቀት አያመነጭም፤ ስለዚህ በደንብ ሳይብላላ ይቀራል። የመንደሩ ሁሉ በአንድ የማብላያ ሳጥን ሲገባ ግን ጥራቱ ወጥ ይሆናል።

እርጥቡ ዘር ፍሬው በተፈለጠበት ቀን ማኅበሩ ጋ መድረስ አለበት። የበሰበሰ፣ የበቀለና አረንጓዴ ፍሬ እዚያው ማሳው ላይ ይለያል። ሚዛን ላይ ጠብ የሚያስነሳው ውሃ ነው፦ ዝናብ የገባበት ባልዲ ይከብዳል። ቀዳዳ ባለው ቅርጫት አንጠፍጥፎ መመዘን ሁለቱንም ወገን ያስማማል። ዋጋ ስታወጡ 100 ኪሎ እርጥብ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ደረቅ እንደሚሰጥ አስቡ። ይህን ስሌት በግልጽ ሰሌዳ ላይ የማይለጥፍ ማኅበር አባላቱን ለደላላ አሳልፎ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ጅማ የታጠበ ቡና ላይ እሠራለሁ። ማብላላቱ ያው አይደለም እንዴ?

አይደለም። በቡና የምታብላላው ፍሬው ላይ የተጣበቀውን ልጋግ ለማስለቀቅ ነው። በካካዎ ግን ሙቀቱና አሲዱ ዘሩን ገድለው የቸኮሌት ጣዕም የሚወጣባቸውን ነገሮች ውስጡ ይፈጥራሉ። ሳጥኑ እንጨት ሆኖ ታቹ ቀዳዳ ይኑረው፤ ብረት ሚስማር ዘሩን አይንካ። ክምሩ ከ75 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። በሙዝ ቅጠል ሸፍኑት። በ48ኛው ሰዓት ወደ ሁለተኛው ሳጥን ገልብጡ፣ ከዚያም በየ48 ሰዓቱ ድገሙ። ሙቀቱ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ካልደረሰ ወይ ክምሩ ትንሽ ነው ወይ አየር አልገባውም። ለደሴቱ አሜሎናዶ ዝርያ ከ5 እስከ 6 ቀን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እንደ አሞኒያ ይሸታል፤ ያንን ሽታ የሚመልሰው የለም።

ለመፈተን 300 ደረቅ ዘር በቁመቱ ሰንጥቁ። ቡናማና ስንጥቅጥቅ ያለው በደንብ የተብላላ ነው፤ ግራጫና ጥጥር ያለው ያልተብላላ ነው፤ ሐምራዊው ከፊል የተብላላ ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ በማያባራበት ቦታ እንዴት ይደርቃል?

ጣሪያው ግልጽ ፕላስቲክ በሆነ አልጋ ላይ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ ደጋግሞ እያገላበጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አትቸኩሉ፦ ገለባው ቶሎ ከደረቀ ኮምጣጣው አሲድ ውስጥ ይታፈናል። በእንጨት የሚነድ ማድረቂያ ካለ ጭስ ማውጫው ቀዳዳ እንዳይኖረው ተቆጣጠሩ። ጭስ የነካው ካካዎ ሽታው አይለቅም፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከጭስ የሚመጡ በካይ ነገሮችን ይገድባል። እርጥበቱ 7 በመቶ ሲሆን አንሱት። ከ8 በላይ ይሻግታል፣ ከ6 በታች ይሰባበራል።

ጥያቄ፦ ፍሬው ዛፍ ላይ ጠቁሮ ይበሰብሳል። መድኃኒቱ?

በሽታው ፋይቶፍቶራ የተባለ ፈንገስ መሰል ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። የታመመውን በየሳምንቱ ልቀሙና አርቃችሁ ቅበሩ፣ የጥላ ዛፉን መልምሉ፣ የካካዎውን ቁመት ከ4 ሜትር አታሳልፉ። ኦርጋኒክ እርሻ ላይ መዳብ የሚፈቀደው በገደብ ነው።

ጥያቄ፦ ከተመነጠረ ደን የመጣ ካካዎን የሚከለክለው የአውሮፓ የደን ሕግ ትንንሾቹን ገበሬዎች አይጥላቸውም?

ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከበለጠ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። መሬቱ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከደን የተመነጠረ መሆን የለበትም። እዚህ የሚያሰጋኝ ለዓመታት ተጥሎ ጫካ የሆነው የድሮ እርሻ ነው። መንጥሮ ለመትከል ከመነሳታችሁ በፊት ገዢያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጭነቱስ?

ወደቡ ጥልቀት ስለሌለው መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ዕቃው በጀልባ ይመላለሳል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 62.5 ኪሎ የሚይዙ 200 ጆንያዎች፣ ማለትም 12.5 ቶን ይጭናል። ግማሹን ሞልቶ መላክ ትርፉን ይበላል፤ ስለዚህ ትንንሽ ማኅበራት አንድ ላይ ይጫኑ። ወለሉንና ግድግዳውን በካርቶን አልብሱ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ስቀሉ። ሌሊት ጣሪያው ላይ የሚጠራቀመው ጤዛ ከላይ ያሉትን ጆንያዎች ነው የሚያሻግተው።