ሳሩን ከመግዛትህ በፊት መሬቱን እየው

ጥያቄው የመጣው አያት አካባቢ ቤት ሠርቶ ከገባ አንድ ወንድማችን ነው። የተጻፈው ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ከቤቴ ፊት ለፊት 120 ካሬ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። አፈሩ ጥቁር ነው። ግንባታው ሲያልቅ የተረፈው ሬድ አሽና ፍርስራሽ እዚያው ላይ ተደልድሏል። ጥር ላይ የእህቴ ሰርግ አለ፣ መልሱ እኛ ጊቢ ነው። አንድ ሳር ሻጭ ‹በዚህ ሳምንት ቀብድ ክፈለኝ፣ በሁለት ቀን ጊቢህን አረንጓዴ አድርጌልህ እሄዳለሁ፣ መቆፈር ምናምን አያስፈልግም› ይለኛል። ልመነው? የትኛውን ሳር ልግዛ? ውሻም አለኝ።»

ወንድሜ፣ ሻጩ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። በሁለት ቀን አረንጓዴ ይሆናል። እስከ ጥር አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል ወይ ነው ጥያቄው። በዚያ መሬት ላይ? አይቆይም።

ተጠቅልሎ የሚመጣ ሳር ሲገፈፍ አብዛኛው ሥሩ እዚያው በበቀለበት መሬት ውስጥ ይቀራል። ይዞት የሚመጣው አፈር ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ አንተ ጊቢ ከደረሰ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ ሥር ወደ ታች መላክ አለበት። ታች ያለው ሬድ አሽ፣ ማለትም ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከሆነ ሥሩ የሚይዘው እርጥበት አያገኝም። ክረምቱን በሰማዩ ውኃ ያምራል፣ ጎረቤትም ያደንቅልሃል፣ ከዚያ ኅዳር ላይ ጠፍ ጠፍ እያለ መድረቅ ይጀምራል። ሲሚንቶና ኖራ ያለበት ፍርስራሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአፈሩን የኖራ ጠባይ (የአሲዳማነት ተቃራኒ የሆነውን) ከፍ ስለሚያደርገው ሳሩ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ ያቅተዋል፣ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ሰው ሁሉ ዩሪያ ጨምርበት ይልሃል። በዩሪያ አይድንም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሳር አትግዛ። ሳሩ የሚነጠፈው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ያለው ጊዜ የመሬቱ ነው። ገንዘብህንም ብትችል ወደዚያው አዙረው። ለሳሩ ካሰብከው ላይ ቀንሰህ ለአፈሩ ብታወጣ አትቆጭም።

የአንተ አፈር ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። አያት፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ ብዙው ቦታ እንደዚያ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ውኃ ያቁራል፣ ሥር ያፍናል። በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ገበሬዎቻችን ይህን ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ለዚህ ነው ዋልካ ላይ ውኃ ማጠንፈፊያ ቦይ የሚያወጡት፣ ጤፉንም ሐምሌን አስገብተው የሚዘሩት። ሳርም ተክል ነው። ውኃ በቆመበት ቦታ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከተዘፈዘፈ ሥሩ ይበሰብሳል።

አሁን ግንቦት ላይ፣ መሬቱ በመጠኑ ረጥቦ ነገር ግን ጭቃ ሳይሆን፣ ሁለት ሦስት የቀን ሠራተኛ ይዘህ ግባበት። መጀመሪያ ፍርስራሹና ሬድ አሹ ተጠርጎ ይውጣ። ከመሬት ጋር ተደልድሏል ብለህ አትተወው። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈር። በጣም ረጥቦ ከሆነ ግን አታስነካው፣ ዋልካ በጭቃነቱ ከተቆፈረ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው። በላዩ ላይ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሰህ ከአፈሩ ጋር አደባልቀው። ለ120 ካሬ ወደ 3.6 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ፍጉ ካልበሰበሰ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ሲነኩት የማይሞቅ፣ የከብት ሽታው የጠፋ፣ እንደ አፈር የሚፈረፈር ሲሆን ነው ደርሷል የሚባለው።

«አሸዋ ቀላቅልበት» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ጥቂት አሸዋ ዋልካ ላይ ቢጨመር ይብስ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። አሸዋ ለውጥ የሚያመጣው ከግማሽ በላይ ሲሆን ነው፣ ያ ደግሞ ስንት ሲኖትራክ እንደሚጠይቅ አንተው አስላው። ኮምፖስት ይሻልሃል።

ከዚያ ድልደላ። ቦታው ከቤቱ ወደ ተቃራኒው በኩል ማዘንበል አለበት፣ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል በቂ ነው፣ በዓይን ብዙም አይታወቅም። ታችኛው ጫፍ ላይ ውኃውን ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚወስድ ቦይ ይውጣለት። የአፈሩ ከፍታ ከእግረኛ መንገዱ ወይም ከኮብልስቶኑ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ሳሩ ሲነጠፍበት ልክ ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ ሳሩ ከመንገዱ በላይ ተነስቶ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈር ወደ በረንዳው ይወርዳል።

ተደላድሎ ካለቀ በኋላ ዝም ብለህ ተወው። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሁለት ሥራ ይሠራልሃል። አንደኛ አፈሩን ያረጋዋል፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ራሱ ይታይሃል፣ ትሞላዋለህ። ሁለተኛ አፈር ውስጥ ያለው የአረም ዘር ሁሉ ይበቅላል። ሙጃውም ማገጡም ይውጣ፣ በወጣ ቁጥር ከነሥሩ ንቀለው። በተለይ እንግጫን። እንግጫ ከሥሩ ፍሬ ስላለው ላዩን ብትቆርጠው መልሶ ይወጣል፣ ሳር ከተነጠፈበት በኋላ ደግሞ ሳሩን በስቶ ይወጣና መለየት ያቅትሃል። ሁለት ወር ሙሉ በነቃቀልከው ቁጥር መስከረም ላይ ትገላገላለህ።

ወደ ሳሩ ዓይነት እንምጣ።

አዲስ አበባ ላይ ምርጫህ በዋናነት ኪኩዩ እና ሰርዶ ነው። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፣ አገሩ ነው። ብርዱን ይችላል፣ ቶሎ ይሸፍናል፣ ቢረገጥም ይነሳል። ክፋቱ ወሰን አያውቅም። የአበባ መደብህ ውስጥ ይገባል፣ የኮብልስቶን ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ አጥር ላይም ይወጣል። ዳር ዳሩን 20 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት የገባ ከርብ ወይም ድንጋይ አድርግለት። ሰርዶ ደግሞ ቅጠሉ ቀጭን፣ ሲታይ የሚያምር፣ ውኃ ሲቸግር የሚታገስ ነው። እንኳን ሰው አህያም «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችለት ነው፣ ግን ሰርዶ ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ብትሆን ያለ ማመንታት ሰርዶ እልህ ነበር። በአዲስ አበባ ደመናማ ክረምትና በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ግን ዘገምተኛ ነው፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። የአንተ ጊቢ ለጥር መድረስ ስላለበት ኪኩዩ ውሰድ።

ሁለቱም ጥላ አይወዱም። ከግንብ አጥሩ ሥር ወይም ከዛፍ ሥር ፀሐይ በቀን አራት አምስት ሰዓት የማያገኝ ቦታ ካለህ እዚያ ሳር አታባክን። ጠጠር አድርግበት ወይም ጥላ የሚወድ አበባ ትከል።

ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ከየት ነው የመጣው?» ብለህ ነው። ለሽያጭ ተብሎ ታርሞና ታጭዶ ያደገ ሳር አለ፣ ከግጦሽ ሜዳና ከወንዝ ዳር በአካፋ ተገፎ የሚመጣም አለ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ግን አረሙን ሁሉ ይዞልህ ይመጣል። የከብቶችን መኖም ነው የገፈፉት። ከቻልክ ቦታው ድረስ ሄደህ እየው። አንዱን አንሳና በአንድ ጫፍ ይዘህ አንጠልጥለው፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ ካልተበጣጠሰ ጥሩ ነው። እጅህን ጥቅልሉ ውስጥ አስገባ። ሞቅ ካለህ ተከምሮ አድሯል ማለት ነው፣ ውስጡ እየበሰበሰ ነው። ቢጫ የሆነውንም አትቀበል። ሒሳቡን በመኪና አትስማማ፣ በተነጠፈ ካሬ ተስማማ። ለቁርጥራጩ አምስት በመቶ ያህል ጨምረህ እዘዝ። አንድ ካሬ ከነእርጥቡ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን የ120 ካሬው ጭነት ከሁለት ቶን ያልፋል፣ መንገዱ መኪናውን የማያስገባ ከሆነ የአውራጅ ነገር ቀድመህ ተነጋገር።

ሳሩ ጠዋት መጥቶ የዚያኑ ዕለት ተነጥፎ ማለቅ አለበት። ቢያድር እንኳ ከ24 ሰዓት አይለፍ፣ እስከዚያም ጥላ ውስጥ ይሁን። ከመነጠፉ በፊት አፈሩን ላዩን በሬክ ጫር ጫር አድርገህ አርጥበው። ከኮብልስቶኑ ቀጥ ያለ ጠርዝ ጀምር። ብሎኬት ሲደረደር እንደሚደረገው መጋጠሚያዎቹ ረድፍ በረድፍ ይፈራረቁ፣ አንድ መስመር ላይ አይግጠሙ። አፍ ለአፍ ጥብቅ ብለው ይገናኙ፤ አንዱ በአንዱ ላይ አይደረብ፣ እንዲደርስ ብለህም አትጎትተው፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል። ሠራተኞቹ የተነጠፈው ላይ እንዳይቆሙ ጣውላ አንጥፈህ በጣውላው ላይ ይሂዱ። ክፍተት ከቀረ የላላ አፈር ነስንስበት። ከዚያ በጣውላ ወይም በሚንከባለል ሲሊንደር ቀለል አድርገህ ተጫነው፣ ሥሩና አፈሩ መሳሳም አለባቸው፣ በመሃል አየር ከቀረ እዚያ ቦታ ይሞታል።

ውኃው ወዲያው ነው። ሁሉም እስኪነጠፍ አትጠብቅ፣ ያነጠፍከውን እያጠጣህ ሂድ። በቂ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጥግ ቀና አድርገህ ከሥር ያለውን አፈር በጣትህ ውጋው፣ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መርጠብ አለበት። ለሁለት ሳምንት ዝናብ ባልጣለበት ቀን ሁሉ ጠዋት ጠዋት አጠጣ፣ ማንም እንዳይረግጠው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጥጉን ሳብ አድርገው። እምቢ ካለህ ሥር ሰዷል።

በቋሚነት የሚያስፈልገውን ውኃ ሳታስላ ግን ወደዚህ ነገር አትግባ። በበጋ አንድ ካሬ በሳምንት ወደ 25 ሊትር ይፈልጋል። 120 ካሬ 3 ሺህ ሊትር ነው፣ በየሳምንቱ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። በእኔ አስተያየት 120ውንም ካሬ ሳር አታድርገው። ድንኳኑ የሚተከልበትንና ፊት ለፊት የሚታየውን 60 ወይም 70 ካሬ በሳር ሥራው፣ ሌላውን አበባና ፍራፍሬ ትከልበት። የአትክልት ማጠቢያና የልብስ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውኃ ለሳር ይሆናል፣ በረኪና ያለበት ግን አይሆንም።

ገንዘቡ ከከበደህ ሌላ መንገድ አለ። አንድ ካሬ ሳር ገዝተህ በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ብትቆራርጠው 100 ቁራሽ ይወጣዋል። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስትተክለው ለአንድ ካሬ 11 ያህል ይበቃል፣ ስለዚህ አንዱ ካሬ ዘጠኝ ካሬ ይሸፍንልሃል። ኪኩዩ በግንዱ እየተሳበ ስለሚሄድ መሃሉን ራሱ ይሞላዋል። ለዚህ ግን መስከረምን አትጠብቅ፣ ብርዱ ይይዘዋል። ከፍ ያለና ውኃ የማይተኛበት ቦታ ላይ ሐምሌ መግቢያ ላይ ትከለው፣ በመሃል የሚወጣውን አረም በእጅህ ንቀል።

የመጀመሪያው አጨዳ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የማጨጃው ስለት የተሳለ ይሁን፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ አትቁረጥ። ኪኩዩን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያዘው። ተላጭቶ መሬት ሲታይ ያምራል የሚሉ አትክልተኞች አሉ፣ እኔ አይዋጥልኝም፣ ፀሐዩ ሥሩን ያገኘዋል። ሥር ከሰደደ ከወር በኋላ ለአንድ ካሬ 10 ግራም ያህል ዩሪያ በትነህ ወዲያው አጠጣው። ለ70 ካሬ 700 ግራም ነው። በእፍኝ እየዘገንክ የምትበትነው ከሆነ ቦታ ቦታው ይቃጠላል።

የሰርጉ ነገር። ከሦስት አራት ቀን በፊት እጨደው፣ በዋዜማው ውኃ አታጠጣ፣ አለዚያ በሰው ብዛት ጭቃ ይሆናል። ድንኳኑ በተቻለ መጠን በዕለቱ ተተክሎ በማግስቱ ይነሳ፣ ምንጣፉም እንደዚያው፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተሸፈነ ቢጫ ይሆናል። ወጥ ቤቱን ከኋላ አድርገው። ከሰልና የፈላ ውኃ የነካው ሳር ቶሎ አይመለስም፣ ዘይትና የሳሙና እጣቢም እዚያ አይደፋ። በጎቹንም ሌላ ቦታ እሰር፣ በግ አንድ ቦታ ታስሮ ካደረ ሳሩን እስከ ሥሩ ነው የሚግጠው። በማግስቱ በደንብ አጠጣና የተጋደመውን በሬክ ቀና አድርገው።

ውሻህ ከሽንቱ በቀር አያሳስብም። ሽንት ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ ክብ ክብ አድርጎ ያቃጥላል። በሸናበት ቦታ ቶሎ አንድ ባልዲ ውኃ ብትደፋበት ይቀጥናል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከሳሩ ውጭ ጠጠር ያለበት አንድ ጥግ ላይ እንዲለምድ ማድረግ ነው፣ ሳሩ ሥር እስኪሰድ ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ አስረህ ያዘው፣ ውሾች አዲስ የተቆፈረ አፈር ሲሸታቸው መጫር ይወዳሉ።