ካይማንና 911ን ሰው ይለያቸዋል ወይ? ከቫሌት በር ላይ የታየ መልስ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልድገመው። አንድ ወንድማችን ያገለገለ ፖርሽ ሊገዛ ነው፤ ልቡ በካይማንና በ911 መካከል ተከፍሏል። ጓደኛው «ተራ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም፣ ለምን ትርፍ ገንዘብ ታወጣለህ?» ይለዋል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ «ካይማን ይዘህ ብትመጣ ያየህ ሁሉ የድሀ ፖርሽ ነው የሚለው» ብሎታል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ማን ነው ልክ? ብሎ ጠይቋል።

እኔ ዋሽንግተንና ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በሆቴልና በሬስቶራንት በር ላይ ቫሌት ማለትም የእንግዳ መኪና ተቀብሎ የሚያቆም ሠራተኛ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፓርኪንግ የሐበሻ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ስንቱ ትምህርቱን የጨረሰው፣ ስንቱ ቤተሰቡን ያመጣው በዚህ ሥራ ነው። ውድ መኪና በር ላይ ሲደርስ እኛ ቁልፉን እንቀበላለን፣ አጠገባችን የቆመው ሰው ደግሞ ስለ መኪናው ያወራል። ያንን ወሬ ስሰማ ኖሬያለሁ። በሰማሁት መሠረት ጓደኛህ ልክ ነው። ሰው ሞዴል አይለይም። ብዙው ሰው እንኳን ሞዴሉን ማርካውንም አይለይም።

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁመቱን ነው። መኪናው ወደ መሬት ዝቅ ካለ «ስፖርት መኪና» ነው፣ አለቀ። ቀጥሎ ቀለሙን ያያል፤ ቀይ ከሆነ ፌራሪ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ላምቦርጊኒ ይባላል። ከዚያ ድምፁ አለ። ዋጋውንም የሚገምተው በነዚሁ በሦስቱ ነው።

አዲሱን የአሜሪካ ስፖርት መኪና ኮርቬትን እንይ። ኮርቬት ከ1953 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሞተሩ ከፊት ነበር። በ2020 ሞዴል፣ ሲ8 በሚባለው፣ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ገባ። አፍንጫው አጠረ፣ ከጎኑ ትልቅ የአየር ማስገቢያ ወጣለት፣ ቁመናው በሙሉ ተለወጠ። ሲወጣ መነሻ ዋጋው ከ60 ሺህ ዶላር ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር። ቀይ ሲ8 በሩ ላይ ሲቆም አላፊ አግዳሚው «ፌራሪ!» እያለ ስልኩን ያወጣል። ዋጋው የእሱ ብዙ እጥፍ የሆነ ፌራሪ አጠገቡ ቆሞ፣ ቀለሙ ግራጫ ስለሆነ ብቻ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህንን አንድ ቀን ብቻ አይደለም ያየሁት፣ የዘወትር ነገር ነው።

በሩ ወደ ላይ የሚከፈት ሁሉ ደግሞ ላምቦርጊኒ ይባላል። ላምቦርጊኒ ውስጥ በራቸው ወደ ላይ የሚቆመው ባለ 12 ሲሊንደሮቹ ስፖርት መኪኖች ናቸው፤ በ1974 ለገበያ ከቀረበው ካውንታሽ ጀምሮ። በከተማ ውስጥ በብዛት የምታየው ሁራካን ባለ 10 ሲሊንደር ነው፤ በሩ እንደ ማንኛውም መኪና ወደ ጎን ይከፈታል። በሩን ወደ ላይ የሚያነሳው ማክላረን ነው፤ ባለቤቱ ወርዶ በሩን ሲያነሳ ግን «ላምቦ፣ ላምቦ» የሚለው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር ይሰማል። ከሁራካን ጋር ሞተር የሚጋራው ኦዲ አር8 ደግሞ አራቱ ቀለበቶች አፍንጫው ላይ ስላሉ «ኦዲ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

አርማውን አይቶ ይለያል የምትሉ ትኖራላችሁ። አርማ የሚረዳው ቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ነው። «ያቺ የፈረሷን መኪና አምጣልኝ» ያለኝ ብዙ እንግዳ አለ፣ ግን የትኛዋን ፈረስ? ፌራሪ ላይ በቢጫ መደብ በኋላ እግሩ የቆመ ጥቁር ፈረስ አለ። ያ ፈረስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተው ጣሊያናዊው አብራሪ ፍራንቼስኮ ባራካ አውሮፕላኑ ላይ ይይዘው የነበረው ምልክት ነው፤ ቢጫው የሞዴና ከተማ ቀለም ነው። ፖርሽ አርማ መሃል ላይም ጥቁር ፈረስ አለ፤ እሱ የሽቱትጋርት ከተማ ፈረስ ነው። ሙስታንግ ላይ ደግሞ ወደ ግራ የሚጋልብ ፈረስ አለ። ሦስት ፈረስ፣ ሦስት አገር፣ ሰማይና ምድር የሆነ የዋጋ ልዩነት። ማታ ላይ በመንገድ መብራት ከርቀት ለሚያይ ሰው ሦስቱም ፈረስ ናቸው።

ወደ አንተ ጥያቄ ልምጣ። ፖርሾችን መለየት ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም እንዲመሳሰሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። 911 በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ ከነበረው ቅርፅ ኩባንያው ሆን ብሎ ብዙም አልራቀም፤ ክቡ መብራት፣ ወደ ኋላ የሚወርደው ጣራ፣ ሰፊው የኋላ ፓራፋንጎ እስከ ዛሬ አለ። አንዴ ብቻ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በወጣው፣ 996 በሚባለው የ911 ትውልድ፣ ክቡን መብራት ትተው ከፍሬቻው ጋር አቀለጡት። ያኔ ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ከቦክስተር፣ ማለትም ጣራው ከሚከፈተው ባለ ሁለት ወንበር ፖርሽ ጋር የፊት ክፍሉንና በሩን አጋሩት፤ ከፊት ብቻ ካየኸው ባለሙያም ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። የ911 ገዢዎች በዚህ በጣም ተከፍተው ነበር፣ እውነት አላቸውም። ቀጣዩ ትውልድ 997 ሲመጣ ክቡ መብራት ተመለሰ።

ካይማን በ2005 ከቦክስተር ወጥቶ ነው የተወለደው። ልዩነቱን ማወቅ ከፈለግህ ከጎኑ ቁም። ካይማን ሞተሩ ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ነው ያለው፤ ስለዚህ ከበሩ ጀርባ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለው። 911 ሞተሩ ከኋላ ጎማ ጀርባ ስለሆነ ካሬራ የሚባለው ተራው 911 እዚያ ቦታ ላይ ድፍን ነው። 911 ተርቦ ግን የኋላ ፓራፋንጎው ላይ ቀዳዳ አለው፣ እሱ እንዳያሳስትህ። ከዚያ የጎን መስታወቱን እይ፤ 911 የኋላ ወንበር ስላለው መስታወቱ ወደ ኋላ ይረዝማል። ከጀርባ ስታይ ደግሞ በ2018 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ላይ ከታየው ትውልድ ከ992 ጀምሮ 911 ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አንድ ቀይ መብራት አለው። ይህንን ያነበብክ አንተ ዛሬ ማታ መንገድ ላይ ልትለያቸው ትችላለህ። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው አይለያቸውም።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ምሽት እራት ጨርሰው የወጡ ባልና ሚስት መኪናቸውን እየጠበቁ ነበር። ሁለት ጥቁር 911 አጠገብ ለአጠገብ አውጥተን አቁመናል። ሴትዮዋ ቀድማ ሄዳ የአንደኛውን በር ከፍታ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ባልየው ከደረጃው ላይ ሆኖ «የኛ ያቺ አይደለችም፣ ማርሚታዋን እይው» አላት። የእነሱ የስፖርት ማርሚታ ስለነበረው ሁለቱ አፎች ወደ መሃል የተጠጉ ናቸው፤ የሌላኛው ወደ ዳርና ዳር። እሷ ጎንበስ ብላ አንዱን ካየች በኋላ ሌላውን አየችና «እኔ ምን አውቄ! ጥቁር ናት፣ ዝቅ ያለች ናት» አለች። ሁልጊዜ የምትሄድበት መኪና ነው። አስተዋይ ሴት ነች፣ የእኔን ስም እንኳ ሳትረሳ ትጠራኝ ነበር። ማርሚታውን ለማየት ምክንያት ኖሯት አያውቅም፣ ያ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ሰው ዓይኑ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ መለየቱ ምንም ስለማይጨምርለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ዶልፊንና አባዱላን የማይለይ ሰው ፈልገህ አታገኝም። ሁለቱም ቶዮታ ሃይኤስ ናቸው፣ አንድም ቀን መሪ ጨብጠው የማያውቁ እናቶች ግን ከሩቅ ይለዩታል። ዲኤክስ ኮሮላ ሰፈር ሲገባ በድምፁ የሚያውቁት አሉ። ቪትዝና ያሪስ በአንድ ቅርፅ የወጡ መኪኖች ናቸው፤ ቢሆንም ደላላው ብቻ ሳይሆን መኪና ለመግዛት እቁብ የጣለው ሠራተኛ ሁሉ የሞዴሉን ዓመት በስቶፑ ይነግርሃል። ምክንያቱም እዚያ መኪና ሀብት ነው። የትኛው ቶሎ እንደሚሸጥ፣ የማን መለዋወጫ እንደሚገኝ ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነው። ፌራሪ 458ንና 488ን መለየት ግን ለማንም እንጀራ አይሆንም፤ ከኛ ከቫሌቶቹ በስተቀር።

ለኛ ሥራ ነበር። ትኬቱ ላይ ታርጋና ቀለም ብቻ ጽፈህ ሥራ በበዛበት ቅዳሜ ማታ ከምድር ቤት ትክክለኛውን መኪና ቶሎ ማውጣት አይሆንልህም፤ ሞዴሉን ማወቅ አለብህ። 458 ከኋላ መሃል ላይ ሦስት የማርሚታ አፍ አለው፣ በ2015 እሱን የተካው 488 ሁለት። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤፍ8 ደግሞ በየጎኑ ሁለት ሁለት ክብ መብራት ይዞ ተመለሰ፣ ሁለቱ ታላላቆቹ አንድ አንድ ነበራቸው። ከዚህ በላይ ግን እጅ ነው የሚያስተምረው። ፌራሪው ማርሽ ዱላ የለውም፤ ኒውትራል ለማድረግ ከመሪው ጀርባ ያሉትን ሁለቱን መቅዘፊያ መሰል ማርሽ መቀየሪያዎች አንድ ላይ ትስባለህ። ላምቦርጊኒ ማስነሻው ቀይ ክዳን ተደፍቶበታል። ፖርሽ ማስነሻው በመሪው በግራ በኩል ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ይህንን ካልተነገረው በሩ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ይቆማል፣ ከኋላው ሰልፉ እየረዘመ። ለዚህ ነው አዲስ ለሚገባ ልጅ መጀመሪያ ማስነሻዎቹን አሳየው የነበረው።

ከኛ ሌላ የሚለዩት ልጆች ናቸው። ከስምንት ዓመት እስከ አሥራ አራት ያለ ወንድ ልጅ፣ አሁን አሁን ሴት ልጅም፣ ከእናቱ ጋር እየሄደ ድንገት ቆም ብሎ «ይሄ ጂቲ3 ነው፣ ክንፉን እይ» ሲል እናትየው ምን እንደሚያወራ አይገባትም። በቪዲዮና በጌም ተምረውት ነው፤ ልክም ናቸው። ልጆችህ ትንሽ ካደጉ በኋላ አንተን የሚያርሙህ እነሱ ናቸው።

የሚስትህ ወንድምስ? «የድሀ ፖርሽ» የሚለው ቃል በመኪና ወዳጆች መካከል ያለ ወሬ ነው፣ ከሜዳ አላመጣውም። ግን ያንን የሚል ሰው መጀመሪያ ካይማን መሆኑን ማወቅ አለበት፣ እነዚያ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከሚያውቁትም ውስጥ አብዛኞቹ ካይማንን የሚያከብሩ ናቸው፤ ሞተሩ መሃል ላይ ስለሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሚዛኑ እጅግ ጥሩ ነው። በሬስቶራንቱ በር ላይ የ911 ባለቤት የካይማኑን ባለቤት ሲንቀው አላየሁም። ቆመው ስለ ጎማና ስለ ቸርኬ ሲያወሩ ነው የማያቸው። ጎረቤትህ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ሠርግ ላይ የምታገኛቸው ዘመዶች ሁሉ ሁለቱንም «ፖርሽ ገዛ» ነው የሚሉት፣ ሌላ ቃል አይጨምሩበትም። ከጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ስም አስወልቀው የሚነዱም አሉ፤ ያኔማ ጨርሶ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ሰው ይለየዋል አይለየውም የሚለውን ከሒሳቡ አውጣው። ላንተ የሚቀረው ልዩነት ልጆችህ ናቸው። ካይማን ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው፣ የልጅ ወንበር የምታስርበት ኋላ የለም። አብዛኛው 911 ኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አሉት፤ ትልቅ ሰው አይቀመጥባቸውም፣ ትንሽ ልጅ ግን ይቀመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዘህ መውጣት ከፈለግህ ትርፉን ገንዘብ የምትከፍለው ለዚህ ነው፣ አያስቆጭም። ሌላ የቤተሰብ መኪና ካለህና ይሄኛው ላንተ ብቻ ከሆነ ግን ካይማኑን ያዝ። ከ2016 በኋላ ያለው፣ 718 የሚባለው፣ በአብዛኛው ባለ አራት ሲሊንደር ተርቦ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ድምፁ ግን የድሮው ባለ ስድስቱ አይደለም። ይህን ልዩነት የሚሰማው መንገደኛው ሳይሆን አንተ ነህ፣ በየቀኑ ጆሮህ ላይ ነውና። ሁለቱንም ሳትነዳ እንዳትወስን።

ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጥ፣ ከ2009 ሞዴል በፊት የሆነ ከሆነ አይኤምኤስ የሚባለው የሞተር ውስጥ ኩሽኔታ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ፤ በተለይ በ996ና በቀደሙት ቦክስተሮች እሱ ሲሄድ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ፖርሽ የሚሠራ መካኒክ መኪናውን አንስቶ ከሥር ይይልህ፣ የምትከፍለው ለምርመራው ብቻ ነው። ኢንሹራንስህንም ከመፈረምህ በፊት ደውለህ በሁለቱም ሞዴል ስም አስጠይቅ፤ እነሱ ሞዴሉን በደንብ ይለያሉ።