ኪል አልሰማ ያለው ስክሪፕት

አንድ አንባቢ ስክሪፕቱን አያይዞ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ በሊኑክስ ሰርቨራችን ላይ በየሌሊቱ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ባክአፕ የሚያደርግ የባሽ ስክሪፕት አለኝ። ሲጀምር የሎክ ፋይል (ሌላ ቅጂ እንዳይነሳ ምልክት የሚሆን ፋይል) ይፈጥራል፤ የአቁም ሲግናል (ሲግተርም፣ ቁጥር 15፣ ወይም ሲግኢንት፣ ቁጥር 2) ከመጣበት ፋይሉን አጥፍቶ እንዲወጣ ትራፕ፣ ማለትም ሲግናል ሲመጣ የሚሠራ ትእዛዝ፣ ጽፌለታለሁ። ሰርቨሩ ተጨናንቆ ሲግናል በሚልከው በኪል ትእዛዝ ላስቆመው ስል ግን ንቅንቅ አይልም። ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ሲ ስጫን ይቆማል። ሲመረኝ በሲግናል 9 እገድለዋለሁ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ ‹ስህተት ተፈጥሯል› ብሎ ይወጣል፤ ሎጉ ውስጥ ሌላ ምንም የለም። ትራፑን የት ጋ አበላሸሁት?»

ወንድሜ፣ ትራፑን አላበላሸኸውም። ባሽ፣ ትእዛዞችህን የሚያስኬደው ሼል፣ አንድን ትእዛዝ ከፊት አስነስቶ እስኪያልቅ እየጠበቀ ሳለ ትራፕ የተጻፈለት ሲግናል ከመጣበት፣ ሲግናሉን ተቀብሎ ያቆየዋል እንጂ ትራፑን ወዲያው አያስኬደውም። የአንተ ደምፕ (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው ትእዛዝ) አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ሲግተርምህ አርባ ደቂቃ ሙሉ ወረፋ ይጠብቃል። አንተ በሁለተኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጠህ 9 ትልካለህ። 9 ደግሞ ለፕሮግራሙ የሚደርስ መልእክት አይደለም፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው ፕሮሰሱን (እየሄደ ያለውን ፕሮግራም) የሚያጠፋው፣ ትራፕም አይዘውም። የሎክ ፋይሉ ሜዳ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ በማግስቱ ስክሪፕቱ ያንን ፋይል አይቶ ሌላ እየሠራ ነው ብሎ ይወጣል።

ኮንትሮል ሲ የሚሠራልህ ተርሚናሉ ሲግናል 2ን ከፊት ላለው የፕሮሰስ ቡድን በሙሉ ስለሚልከው ነው። ደምፑ ይሞታል፣ ባሽ ከጥበቃው ይላቀቃል፣ ትራፑ ይሄዳል። ኪል ግን የሰጠኸው ቁጥር ያለው ፕሮሰስ ጋ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ደምፑ ወሬውንም አልሰማ።

መፍትሔው ደምፑን ከበስተጀርባ ማስነሳት ነው። ትእዛዙ መጨረሻ ላይ & ጨምር፣ የፕሮሰሱን ቁጥር ከ $! ውሰድና አስቀምጥ፣ ከዚያ ዌይት በሚለው ትእዛዝ ጠብቀው። ባሽ በዌይት እየጠበቀ ሳለ ሲግናል ከመጣ ዌይት ወዲያው ይመለሳል፣ ትራፑም በዚያው ይሠራል። ትራፑ ውስጥ መጀመሪያ ልጁን ፕሮሰስ (ደምፑን) በሲግተርም አስቁም፣ እስኪወጣ ጠብቅ፣ ያላለቀውን ጊዜያዊ ፋይል አጥፋ፣ በመውጫ ቁጥር 143 ውጣ። ልጁን ማስቆሙን አትርሳ። ስክሪፕት ውስጥ በ & የተነሳ ፕሮሰስ ኮንትሮል ሲን ችላ እንዲል ሆኖ ነው የሚነሳው፤ ካላስቆምከው ስክሪፕቱ ወጥቶ እሱ ብቻውን ዳታቤዙን እየጎተተ ይቀራል።

143 ከየት መጣ? 128+15 ነው። ሼሉ በሲግናል የሞተን ፕሮሰስ በ128 ላይ የሲግናሉን ቁጥር ደምሮ ነው የሚነግርህ፤ ኮንትሮል ሲ 130፣ 9 ደግሞ 137። አንድ ቀን ማንም ሳይነካው 137 ካየህ የከርነሉን መልእክቶች አንብብ። ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ ራሱ መርጦ ይገድላል።

አሁን ወደ ሎክ ፋይሉ። ትራፑ ቢስተካከልም 9 እና መብራት መቋረጥ አሉ፤ ስለዚህ «ፋይሉ ካለ ሌላ እየሠራ ነው» የሚለውን ዘዴ ጨርሶ ተወው። ፍሎክ የሚባለውን የመቆለፊያ ትእዛዝ ተጠቀም። ፍሎክ የሚቆልፈው በተከፈተው ፋይል ላይ ነው፤ ፋይሉን የያዙት ፕሮሰሶች በሙሉ ሲሞቱ፣ በምንም ይሙቱ፣ ከርነሉ ቁልፉን ይፈታዋል። ፋይሉን ማጥፋት አያስፈልግም፣ እንዲያውም አታጥፋው። ስክሪፕቱ በ9 ተገድሎ ደምፑ በሕይወት ከቀረ ቁልፉ እንደተያዘ ይቆያል፣ ልጁ የተከፈተውን ፋይል ወርሷልና። ይህ ብልሽት እንዳይመስልህ፤ ሥራው እኮ ገና አላለቀም።

ሎጉ ለምን ባዶ ሆነ የሚለው ግን የራስህ ሥራ ነው። የደምፑ መስመር መጨረሻ ላይ የስህተት መውጫውን፣ ማለትም ቁጥር 2ን፣ የገባበትን ሁሉ ወደሚውጠው ወደ ዴቭ ነል ልከኸዋል። ከዚያ ሎግ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ዴቭ ነሉን አውጣና ሁለቱንም መውጫ ወደ ሎጉ ላክ። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፤ መጀመሪያ > እና የሎጉ ስም፣ ከዚያ 2>&1። ባሽ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሠራው፤ ብትገለብጠው ስህተቱ ሎጉ ውስጥ አይገባም።

«ስህተት ተፈጥሯል» የሚለውንም ቀይረው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ምን ያድርግበት? የእኔ ስክሪፕት እንዲህ ይላል፦ «ባክአፕ፦ ሽያጭ የተባለው ዳታቤዝ አልተገለበጠም፤ ደምፑ በ2 ወጥቷል፤ የትናንቱ ፋይል አልተነካም»። ከላዩ ማይኤስኪውኤል ራሱ የጻፈው የስህተት መስመር አለ። የማን መልእክት እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነና ምን እንደተረፈ ከነገርከው ሰውየው ተመልሶ ሊተኛም ይችላል። መልእክቱን በ >&2 አውጣው፤ በመደበኛው መውጫ ከወጣ አንድ ቀን ከዳታው ጋር ይቀላቀልብሃል።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር። ደምፑን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው) ወደ መጭመቂያው ፕሮግራም ወደ ጂዚፕ ታስገባዋለህ። ባሽ ካልተነገረው በስተቀር የፓይፕን ውጤት የሚወስደው ከመጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ ደምፑ ቢወድቅ እንኳ ጂዚፕ ባዶውን ጨምቆ በ0፣ ማለትም ተሳክቷል ብሎ፣ ይወጣል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቤት የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ኖሮ፣ የሁለት ወር ባክአፕ ሁሉም 20 ባይት ሆኖ አገኘነው። ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ የሚወጣው ልክ ይኸው ነው። በየሌሊቱ «ተሳክቷል» ይል ነበር።

ዲስክህ ካልጠበበ ፓይፑን ተወውና ደምፑን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፈው፣ ዌይት የመለሰልህን ቁጥር በ $? ተመልከት፣ 0 ከሆነ ጨምቀው፤ ጭመቃውንም በ & እና በዌይት። ዋናውን ስም ስም በሚቀይረው በኤምቪ ትእዛዝ የምትሰጠው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እዚያው ፋይል ሲስተም ላይ እስከሆነ ድረስ ስም መቀየሩ በአንድ ጊዜ ስለሚፈጸም ግማሽ ፋይል ባክአፕ መስሎ አይቀመጥብህም። ፓይፑ የግድ ከሆነ ፓይፕፌይል የሚለውን የባሽ ምርጫ አብራ፤ ከትእዛዞቹ አንዱ ቢወድቅ ፓይፑ በሙሉ እንደወደቀ ይቆጠራል።

ዛሬ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሁለት ጊዜ ሞክረው። መጀመሪያ አስነሳና ከሌላ ተርሚናል 15 ላክለት፤ ወዲያው በ143 መውጣት አለበት፣ ደምፑም ከፕሮሰሶቹ ዝርዝር መጥፋት አለበት። ቀጥሎ አስነሳና በ9 ግደለው፤ ደምፑ እስኪያልቅ ጠብቅና እንደገና አስነሳው። ያለምንም ጽዳት መነሳት አለበት። ካልተነሳ የስህተቱን መስመር እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ።