ከሳይት አትውጡ

ልጆቼ፣

ኢንጂነሪንግ ተመርቃችሁ ገና ሥራ ለጀመራችሁ ሴቶች ነው የምጽፈው።

«ፀሐዩ ይጎዳሻል፤ ቢሮ ግቢና የክፍያ ሰርተፊኬት አዘጋጂ» ያሉኝ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ። እዚያ ቁጭ ብዬ ቴክኦፍ፣ ማለትም ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ልኬት ስሠራ፣ አብረውኝ የተቀጠሩት ወንዶች ኮንክሪት እያስሞሉ፣ ከተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጋር እየተከራከሩ ሙያውን ለመዱት። የፕሮጀክት ማናጀር ቦታ ሲከፈት የእኔ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚለው «ኦፊስ ኢንጂነር» ብቻ ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ።

ወደ ሳይት መልሱኝ ብዬ በማመልከቻ ጠየቅኩ። አንድ ሌሊት ሶሌታ ስናስሞላ ሦስተኛው ሚክሰር ያመጣው ኮንክሪት ቀጥኖ አየሁት። ቅጥነቱን ለመለካት 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለውን ኮን በኮንክሪቱ በሦስት ዙር ሞላን፤ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ወጋን። ኮኑ ሲነሣ ኮንክሪቱ ተዘርግፎ መሬት ላይ ተኛ። ውሃ ተጨምሮበታል።

«ይመለስ» አልኩ።

ፎርማኑ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሌሊት ነው፤ ሠራተኛው ቆሟል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በ28 ቀኑ ለጥንካሬ ፈተና የተወሰደው የኮንክሪት ናሙና፣ ኪዩቡ፣ ሲሰበር የምንጠየቀው እኔና እርስዎ ነን» አልኳቸው። መኪናው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ፎርማኑ የኮሎን (የምሰሶ) ፎርምወርክ፣ ኮንክሪት የሚሞላበትን ቅርጽ፣ ከማዘጋታቸው በፊት «ኢንጂነሯ ስታፋውን አይታዋለች?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ ስታፋ የምሰሶውን ብረቶች ዙሪያ የሚያስረው ብረት ነው። ይህን ቢሮ ተቀምጬ አላገኘውም ነበር።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስትቀበሉ የሠራችሁት ሥራ በዝርዝር እንዲጻፍ ጠይቁ። የሙያ ምዝገባ ላይም የሚታየው እሱ ነው።

ስትወልዱ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣችኋል። የምትመለሱበትን የሥራ መደብ በጽሑፍ ሳትይዙ አትውጡ። እኔ በቃል አምኜ ወጥቼ ስመለስ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ።

መጸዳጃ ቤት መጠየቅንም አትፍሩ፤ በግልጽ ጠይቁ። ውሃ ሳልጠጣ የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሳይት ሲደራጅ፣ መጋዘንና የዘበኛ ቤት ሲሠራ፣ የሴቶች መጸዳጃም አብሮ ይሠራ በሉ። ያኔ ለራሳችሁ ብቻ አይደለም የምትጠይቁት። አሸዋና ብሎኬት ሲሸከሙ የሚውሉት የቀን ሠራተኛ ሴቶች ከሁላችንም በፊት እዚያ ነበሩ። ስማቸውን እወቁ፤ እጃቸውንም እዩ። ልስን ለመማር የምትጓጓ ካገኛችሁ ከባለሙያ ጋር አሠልፏት። ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ስታቀብል የማውቃት አንዲት ልጅ ዛሬ ልስን በካሬ እየተዋዋለች፣ አራት ሰው ቀጥራ ታሠራለች።