በታጣፊ ሳይክል ከደሴ ኮምቦልቻ፦ አቀበቱን ሳይሆን ቁልቁለቱን ፍራ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የሚኖረው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ሥራው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ያገለገለ 20 ቁጥር ታጣፊ ሳይክል ገዝቷል፣ ከፊት አንድ ባለጥርስ ክብ፣ ከኋላ ሰባት ማርሽ ያለው። ጠዋት ሲወርድ ፍሬኑ ይጮኻል። የኋላ ጎማው ምስማር ሳይነካው፣ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሁለቴ ፈንድቶበታል። ማታ ሲመለስ ጉልበቱን ያመዋል፣ የመሪው መታጠፊያም ሲጥ ሲጥ ይላል። «ልሽጠው ወይስ ማርሹን ላስቀይረው?» ነው የሚለው።

አብሽር ወንድሜ፣ አትሽጠው። ማርሹም ትንሽ ይቆይ። አንተን ያስጨነቀህ አቀበቱ ነው፣ እኔን ግን ያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። አቀበት ቢበዛ ያደክምሃል፣ ሲብስም ወርደህ ትገፋለህ። ቁልቁለት ላይ ጎማ ከፈነዳ ከኋላህ ያለው ሲኖትራክ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ ማለት ነው። ፍሬን ይዘህ በወረድክ ቁጥር ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ይቀየርና ቸርኬው ላይ ይከማቻል። የትልቅ ሳይክል ቸርኬ ብረቱ ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ይችለዋል። ያንተ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል።

አሁን የፈነዳውን ካላማዳሪ ካልጣልከው አውጣና እየው። ቀዳዳው በየት በኩል ነው? አስፋልቱን በሚነካው በኩል ነው ወይስ በራጂዎቹ በኩል? በራጂዎቹ በኩል ከሆነ ጥፋተኛው ጎማው አይደለም። ቸርኬው ውስጥ የራጂዎቹን ቀዳዳ የሚሸፍን ቀጭን ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ አለ። ርካሽ ሳይክል ላይ እሱ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ወደ ጎን ይሸሻል። ካላማዳሪው ደግሞ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል፣ ያገኘው ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ይፈነዳል። ምስማር ሳይኖር ፈነዳ ያልከው፣ ያውም ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከዚህ ጋር በደንብ ይሄዳል። ጎሚስታው ለጥፎ ሰጥቶህ ይሆናል፣ ግን ሽፋኑን ካልቀየረው ነገም ይፈነዳል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ያንን ላስቲክ አውጥተህ ጣለው። ቸርኬውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ የሾለ የራጂ ጫፍ ካለ በሞረድ አለስልሰው። ከዚያ ጠንካራ የጨርቅ ፕላስተር ሁለት ዙር ጠምጥምበት። ስፋቱ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ይሸፍን፣ ግን የጎማው ጠርዝ የሚቀመጥበት ላይ አይውጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን ፕላስቲክ ቴፕ እንዳታደርግ፣ እሱም ሙቀት ሲነካው ይንሸራተታል።

ጎማም መቀየር ካስፈለገህ ሱቅ ገብተህ «20 ቁጥር ስጠኝ» ብለህ ብቻ አትመለስ። 20 የሚባል ጎማ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። የድሮው ጎማ ጎን ላይ ትንሽ ቁጥር አለ፣ 406 ወይም 451 ይላል። እሱን ጽፈህ ያዝ።

ወደ ፍሬኑ። የሚጮኸው የፍሬኑ ጎማ ደርቆ ስለሚያብለጨልጭ ወይም የቸርኬው ብረት ስብርባሪ ስለተሰካበት ሊሆን ይችላል። ፈትተህ እየው። የሚያብለጨልጨውን በአሸዋ ወረቀት ፋቀው፣ ስብርባሪውን በመርፌ ንቀል። መልሰህ ስትገጥም የፊተኛው ጫፉ ከኋለኛው በትንሹ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አድርገው፣ ጩኸቱ ይቀንሳል። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተው ከሆነ ግን አትልፋ፣ አዲስ ግዛ። ለዚህ ነገር አትሰስት። ቁርስህን ዝለል እንጂ።

አያያዝህንም ቀይር። ብዙ ሰው ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን በስሱ ይዞ ይወርዳል። ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን ቸርኬው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም። ኩርባው ሳይደርስ፣ ገና ቀጥታው ላይ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ፍጥነትህን አውርድ፣ ከዚያ ልቀቅ። ኩርባው ውስጥ ገብተህ አትጨብጥ። መሃል ላይ ከመንገዱ ወጣ ብለህ ቁም፣ ውኃ ጠጣ፣ ቸርኬው ይብረድ። ወደ ቸርኬው እጅህን አትላክ፣ ያቃጥላል። ክረምት ላይ፣ ደሴ ጉሙ ሲወርድና ቸርኬው ሲርስ፣ ይሄ ፍሬን ቶሎ አይይዝም። እንዲያ ባለ ቀን ሳይክሉን አጥፈህ ሚኒባስ ግባ፣ የታጣፊ ጥቅሙ ምን ሆነና!

መሪው መታጠፊያ ላይ የሚሰማህን ሲጥታ አትናቀው። ማጠፊያውን ክፈት፣ አቧራውን ጥረግ፣ ፒኑ ላይ ትንሽ ግራሶ አድርግ። መቆለፊያውን ስትዘጋው መዳፍህን ትንሽ ሊታገልህ ይገባል። በአንድ ጣት ከተዘጋ ላልቷል፣ ማስተካከያ ብሎኑን ጠበቅ አድርገው። ብየዳው ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካየህ ግን በዚያ ሳይክል አትውረድ። የበርና መስኮት ብየዳ ቤትም አትውሰደው፣ አሉሚኒየም ከሆነ እዚያ አይሆንልህም።

ጉልበትህ በመጀመሪያ ደረጃ የኮርቻ ጉዳይ ይመስለኛል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ትንሽ እስኪቀረው ኮርቻውን ከፍ አድርግ። ብቻ ቧንቧው ላይ ያለችውን የመጨረሻ መስመር እንዳታልፍ። አቀበት ላይ ተነስተህ መሪውን እየጎተትክ አትርገጥ፣ ረጅሙ የመሪ ቧንቧ ለዚያ አልተሠራም፣ ሲጥታውም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላም ካመመህ ማርሽ እናውራ። ከፊት 52፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር 2.8 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። ለዚያ አቀበት ይከብዳል። የፊቱን በ42 ብታስቀይር ወደ 2.25 ይወርዳል። ሰንሰለቱም ማጠር አለበት። አንዳንዱ ሳይክል ላይ የፊቱ ባለጥርስ ክብ ከፔዳሉ ክንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ይቀየራል፣ ዋጋውን ቀድመህ ጠይቅ። ለሜዳው የኮምቦልቻ መንገድ ትንሽ ፍጥነት ታጣለህ፣ አያሳስብም።

እኔ ብሆን ግን ማታ ማታ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ እይዛለሁ። አጥፈህ በማዳበሪያ ከረጢት ብትሸፍነው ረዳቱም ብዙ አይጨቃጨቅህም፣ የሰው ልብስም አይቆሽሽም። ስታስተኛው የማርሹ ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ማርሽ ቀያሪው ይጣመማል።

የካላማዳሪው ቀዳዳ አስፋልቱን በሚነካው በኩል ከሆነ ደግሞ ስለ ሽፋኑ ያልኩትን ተወው። ከፈነዱ የከባድ መኪና ጎማዎች የሚረግፍ ቀጭን ሽቦ መንገዱ ላይ አለ፣ በዓይን አይታይም። የጎማውን ውስጥ በጥጥ ዙሪያውን አብስ፣ ጥጡ የያዘበት ቦታ ላይ ሽቦውን ታገኘዋለህ፣ በፒንሳ ንቀለው።