ኮትዎ ዳገቱን አይውጣ

ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ሰፈር እስከ ፒያሳ በእግር እየተጓዙ ሥራ እንደሚገቡ፣ መሥሪያ ቤትዎ ሙሉ ልብስና ከረባት የግድ እንደሚል፣ ቢሮ ሲደርሱ ግን ሸሚዝዎን ከጀርባዎ ጋር ተጣብቆ፣ የሱሪዎንም ጠርዝ ጭቃ ተረጭቶበት እንደሚያገኙት ገልጸው «በየቀኑ ባጃጅ ሳልይዝ ንጹሕ ሆኜ ለመገኘት ምን ላድርግ? ሁለተኛ ሙሉ ልብስ ባሰፋስ ይጠቅመኛል?» ብለው ጠይቀዋል። ስምዎን ስላልጻፉ ማንነትዎን አላወቅሁም፤ ከረባት ስላሉ ግን እንደ እኔ ወንድ፣ እንደ እኔም ከባለጉዳይ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚውል ሠራተኛ ነዎት ብዬ እጽፋለሁ። በዚያው ዳገት ለዓመታት ተመላልሻለሁ፣ ዛሬም እመላለሳለሁ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሚያየኝ ባለጉዳይ ግን በመኪና የመጣሁ ይመስለዋል።

ከእኔ ቀድመው የመለሱልዎ ሰዎች ጥሩ ሽቶ፣ ጥቁር ሸሚዝና ፈጣን እርምጃ መክረውዎታል። ሦስቱንም አልቀበልም። ሽቶ ከላብ ጋር ሲቀላቀል ከሁለቱም የከፋ ሌላ ሽታ ይፈጥራል፤ በጥቁር ሸሚዝ ላይ ላቡ ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ይወጣል፤ ዳገት ላይ መፍጠን ደግሞ ላቡን ራሱን መጥራት ነው።

አንደኛ፣ ኮትዎን ለብሰው ዳገቱን አይውጡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ይበርዳል፤ ሰው ኮቱን ደርቦ፣ ቁልፉን ሁሉ ቆልፎ ከቤቱ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ግን ያው ኮት ምድጃ ይሆናል፤ ላቡ መጀመሪያ ወደ ገበሩ ይገባል፣ ከገበሩም ደረቱንና ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ወደያዘው የውስጥ ድጋፍ ጨርቅ ይዘልቃል፤ ያ ጨርቅ አንዴ ቅርጹን ካጣ ደግሞ ካውያ አይመልሰውም። የጀርባ ቦርሳ ከጨመሩበት ማንገቻው ትከሻውን እየፋቀ ያብለጨልጨዋል። ሸሚዝ በየቀኑ ቢታጠብ ምንም አይሆንም፤ የሱፍ ኮት ግን በየሳምንቱ ውሃ የሚነካ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ኮቱ ሰኞ ጠዋት ተገልብጦ፣ አንዱ ትከሻ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልሎ በቦርሳ ይግባና እስከ ዓርብ ቢሮ ተሰቅሎ ይክረም፤ ዓርብ ወደ ቤት ይመለስ።

«የት እሰቅለዋለሁ?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔን ከዳገቱ ይልቅ ያደከመኝ ይኸው ጥያቄ ነበርና። በምሠራበት መሥሪያ ቤት መተላለፊያ ላይ በሩ የተንጋደደ አንድ የብረት ቁም ሳጥን፣ ውስጡ ጊዜያቸው ካለፈ የቀን መቁጠሪያዎች በስተቀር ምንም ሳይኖርበት፣ አቧራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሄጄ፣ ሰላምታ አቅርቤ፣ በሩን በራሴ ወጪ አስጠግኜ ልጠቀምበት እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኋቸው። ሻያቸውን ሳያስቀምጡ፣ ቀና ብለውም ሳያዩኝ፣ «ይህ መሥሪያ ቤት እንጂ መልበሻ ቤት አይደለም» አሉኝ። በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ማመልከቻው ጠፋ። ደግሜ ብጽፍ በሞዴል 20፣ ማለትም በንብረት መጠየቂያው ቅጽ፣ ካልተጠየቀ አይታይም ተባልሁ። በሞዴል 20 ስጠይቅ ደግሞ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ የሆነበት ሰነድ ስላልተገኘ በሞዴል 22 ወጪ ሊደረግ እንደማይችል ተነገረኝ። በመዝገብ የሌለ ቁም ሳጥን በየቀኑ እንዴት ትከሻችንን ሊገጨን እንደቻለ ብጠይቅ፣ ጥያቄዬ እንደ ድፍረት ተቆጥሮ በሩ ተዘጋብኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮቴን የወንበር መደገፊያ ላይ እሰቅል ነበር፤ ወንበር ደግሞ የኮትን ትከሻ ጎብጦ እንዲቀር ያደርጋል።

መላውን ያገኘሁት ከአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በዕድሜ እናቴን ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው፤ ማመልከቻዬን አንብበው «ልጄ፣ ስለ ልብስህ አትጻፍ፤ ስለ ባለጉዳዩ ጻፍ» አሉኝ። እንዳሉኝም ርእሱን ቀይሬ፣ ባለጉዳዮችን በንጹሕ አለባበስ ለማስተናገድ ይቻል ዘንድ በእግር ለሚመጡ ሠራተኞች የሥራ ልብስ ማቆያ እንዲመደብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በእግር የሚመጡ ባልደረቦቼ ፈረሙበት፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠችው፤ ከታችም ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ግልባጭ አደረግሁ። እባክዎ ይህችን የግልባጭ መስመር አይርሱ። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ሰነድ የታጣለት ቁም ሳጥን በዚያው ሳምንት ሰነዱ ተገኘለት። ዛሬ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ እኒያው ኃላፊ ክረምት ሲመጣ ካፖርታቸውን ሊሰቅሉ «እባክህ ክፈትልኝ» ይሉኛል፤ እከፍትላቸዋለሁ፣ ግን አልቸኩልም።

ስለዚህ በቃል አይጠይቁ፣ አዲስ ዕቃም አይጠይቁ፤ ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ የቆመ ነገር ፈልገው በጋራ ፊርማ ይጠይቁ። ከተፈቀደልዎ በኋላ ትከሻው ሰፋ ያለ የእንጨት መስቀያ፣ የልብስ ብሩሽ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ትርፍ ካልሲ፣ እንዲሁም ከኮትዎ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ክርና መርፌ ያስቀምጡበት። ኮቱ ላብ ወይም ዝናብ የነካው ዕለት ሳጥኑን ወዲያው አይዝጉበት፤ እርጥብ ሱፍ ታፍኖ ካደረ ይሸታል።

ሁለተኛ፣ ላብ መንገዱ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም። ሰውነት ከሞቀ በኋላ እግር ቢቆምም ላቡ ለደቂቃዎች መውረዱን ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው የሚበላሸውም ቢሮ እንደገባ ንጹሑን ሸሚዝ በሞቀ ገላው ላይ ስለሚለብስ ነው። እኔ በስስ የጥጥ ካናቴራ እጓዛለሁ፣ ማለዳው ሲበርድ በቀላሉ የሚወልቅ ሹራብ እደርብበታለሁ። ከቤት ሲወጡ ጥቂት ሊበርድዎ ይገባል፤ ገና ከደጅዎ ሞቆዎት ከተነሡ ዳገቱ አጋማሽ ላይ በላብ ይጠመቃሉ። ጃንተከል ከሚባለው ትልቅ ዋርካ ስደርስ እርምጃዬን አለዝባለሁ፤ ፀሐዩ ከበረታ ከዋርካው ጥላ ሥር ጥቂት እቆማለሁ፣ ከዚያ ያለው መንገድ ማቀዝቀዣዬ ነው። ሥራ የሚገባው 2፡30 ከሆነ እኔ 2፡10 ላይ ግቢ ውስጥ ነኝ። ፊቴን፣ ማጅራቴንና ክንዴን በቀዝቃዛ ውሃ አስነካለሁ፣ በፎጣ አደርቃለሁ፣ ጠረጴዛዬን አስተካክላለሁ፤ ሸሚዙ የሚለበሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ሥርዓቴ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ፎጣ ይዘው ከሚመጡት መካከል እነርሱም አሉ።

ሸሚዙን አጥፎ ከመያዝ መጠቅለል ይሻላል፤ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ኮሌታው እንዳይደፈጠጥ ካልሲ ወይም መሐረብ ከውስጡ አስገብተው፣ በፎጣው ላይ ይጠቅልሉት። መብራት በማለዳ እንደሚኖር ተማምነው አይተኙ፤ የሳምንቱን ሸሚዞች መብራት ባለበት ሰዓት አንድ ላይ ይተኩሱ። ስለ ብብት ቢጫነት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ሁሉ ሲሳሳትበት ስለማይ ነው። ያ ቢጫ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ላብ የሚቀንሰው ዲዮዶራንት ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ከላቡ ጋር ሲገናኝ ነው፤ በረኪና ሲያፈሱበት ይባስ ይበረታል። ዲዮዶራንቱን ማታ፣ ገላዎ ደረቅ ሳለ ይቀቡት፤ ሌሊት ላብ አነስተኛ ስለሆነ ይበልጥ ይሠራል፣ ጠዋትም ከሸሚዙ ጋር እርጥቡን አይገናኝም።

የጭቃው ነገር በሐምሌና በነሐሴ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አስፋልቱ ላይ ብዙም ችግር የለም፤ ጉዳቱ ከቤት እስከ አስፋልት ባለው የሰፈር መንገድ ላይና ባጃጆች ኩሬውን ሲሰነጥቁት ነው። መኪና በቀኝ ስለሚነዳ እርስዎ በግራ በኩል፣ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያዩ ይሂዱ፤ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ከሱሪው በስተኋላ የሚያዩት ነጠብጣብ ግን የባጃጅ ሥራ አይደለም፣ የገዛ ተረከዝዎ ነው፤ ስለዚህ በክረምት በአሮጌ ሱሪና በቦቲ ይሂዱና ሱሪውንም ቢሮ ይቀይሩ። ጭቃ ከነካዎ እርጥቡን አይሹት፣ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባልና፤ ይድረቅ፣ ከዚያ በብሩሽ ይራገፍ። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አቧራው ጥቁር ሱሪን ያጋልጣል፣ አመድማ ቀለም ግን ይሸሽገዋል።

ጫማ ከረጠበ በከሰል ምድጃ ዳር ወይም በቀጥታ ፀሐይ ላይ አያድርቁት፤ ቆዳው ይሰነጣጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀው በጥላ ያሳድሩት፣ ጋዜጣው ሲረጥብ ይቀይሩት። ሊስትሮውም እርጥብ ጫማ ላይ ቀለም እንዲቀባ አይፍቀዱለት፤ ልጆቹ ቸኩለው ይቀባሉ፣ እርጥበቱም ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል። የቢሮ ጫማ ቢሮ ከዋለና ካደረ ይህ ሁሉ አይደርስብዎትም።

ሦስተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ላውንደሪ ነው፤ ቁጥሩ ቢጠፋብኝም ነገሩ አልጠፋብኝም። ደህና የሱፍ ኮቴን ለአንድ ላውንደሪ ሰጥቼ ነበር፤ ያለ መሸፈኛ ጨርቅ፣ በጋለ ካውያ ደረቱን ተጫኑበትና እንደ መስታወት አብረቅርቆ ተመለሰልኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ብላ ደረሰኙን ወደ እኔ ገፋችው፤ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊነት እንደማይወስዱ በደቃቅ ፊደል ታትሟል። ክርክሩ ኮቱን አላዳነውም። ከዚያ ወዲህ በራሴ እተኩሳለሁ፦ በካውያው ላይ ያለው አንድ ነጥብ ወደ 110፣ ሁለት ነጥብ ወደ 150፣ ሦስት ነጥብ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው፤ ለሱፍ ሁለት ነጥብ ይበቃል፣ እርሱም እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ከላዩ ተደርጎ። አብዛኛው እጥፋት ግን ካውያም አይፈልግም፤ ኮቱን የፈላ ውሃ እንፋሎት ባለበት ክፍል ሰቅለው ቢተዉት ሱፍ በራሱ ይዘረጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ኮቱ ቢሮ ተቆልፎ ሲውል አንድ ችግር አለው፦ ቅዳሜ ማታ ለቅሶ ሊደርስ፣ እሑድ ሠርግ ሊኖር ይችላል፣ ኮቱ ግን ከቁም ሳጥኑ ጋር ሰኞን ይጠብቃል። ዓርብ ወደ ቤት ይመለስ ያልሁት ለዚህ ነው። በዓርብ ጥድፊያ የሚረሱ ከሆነ ለቤት የሚሆን አንድ ጥቁር ኮት ብቻ ይግዙ፤ ለሥራ ሁለተኛ ሙሉ ልብስ ማሰፋት ግን አልመክርዎትም። በእግር የሚሄድ ሰው ኮቱን አይጨርስም፤ የሚጨርሰው ሱሪውን ነው፣ እርሱንም በጭኑ መካከልና በጠርዙ። ልብስ ሰፊዎ ዘንድ ሲሄዱ በአንድ ኮት ሁለት ሱሪ ያሰፉ፣ እያፈራረቁም ይልበሷቸው፣ በመታጠፊያው ላይም ሁለት ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተዉልዎት። ሰፊው «አንዱን አሁን፣ ሌላውን ገንዘብ ስታገኝ» ካለዎት አይስማሙ፤ የጨርቅ ቀለም ከጥቅል ጥቅል ስለሚለያይ ኮቱም ሁለቱ ሱሪዎችም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጥቅል፣ እርስዎ እያዩ ይቆረጡ።